የሚካኤል ፋራዴይ ሕይወት፤ ስለ ጎረቤት ቸርነትና መጽሐፍን ስለ መዋዋስ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ክርስቲያናዊ ጠባይ በታላላቅ ሥራ ብቻ የሚታይ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ማሠራት፥ ለድሆች ብዙ ገንዘብ መመጽወት፥ ስለ ሃይማኖት መከራ መቀበል፥ እነዚህ ሁሉ የከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ለሰው ሁሉ በየቀኑ አይገጥሙም። በየቀኑ የሚገጥመን ጎረቤታችን ነው። እሳት የጠፋባት ሴት ከጎረቤቷ ምድጃ ፍም ጭራ ትወስዳለች፤ እርሾ ያለቀባትም እንዲሁ ታደርጋለች፤ የሰጪይቱም እሳት በዚህ ምክንያት አይጠፋም። ይህን ልማድ አባቶቻችንና እናቶቻችን ስላስተማሩን ማንም ፍም በመስጠቱ አይመካም፤ የሚከለክልም ቢገኝ ሁሉ ይነቅፈዋል።

ነገሩ ወደ መጽሐፍ በተመለሰ ጊዜ ግን ብዙ ሰው እጁን ይሰበስባል። መጽሐፉን ከሣጥን አግብቶ ይቈልፍበታል፤ እርሱ አያነበውም፥ ለሌላም አይሰጠውም፤ በመጨረሻም ብል ይበላዋል። ሌላውም ከባልንጀራው መጽሐፍ ተውሶ ሳይመልስ ይቀራል፤ በዚህም የሰጪውን ልብ ለሌሎች ሁሉ ይዘጋዋል። ስለዚህ መጽሐፍ መዋዋስና ጎረቤትን በትንሽ ነገር መርዳት ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ ለማስረዳት፥ ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀውን የሚካኤል ፋራዴይን ሕይወት በአጭሩ እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የድሃ ብረት ቀጥቃጭ ልጅ

ሚካኤል ፋራዴይ በመስከረም 22 ቀን 1791 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሎንዶን ከተማ አጠገብ ኒዊንግተን በሚባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ጄምስ ፋራዴይ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ እናቱም ማርጋሬት ትባል ነበር። ለወላጆቹ ከተወለዱት ከአራቱ ልጆች እርሱ ሦስተኛው ነው። አባቱ እግዚአብሔርን የሚፈራ፥ በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ጤና ስላልነበረው ብዙ ቀን ከሥራው ይቀር ነበር። ስለዚህም ቤተ ሰቡ በችግር ይኖሩ ነበር። በ1801 ዓ.ም. የእህል ዋጋ እጅግ በተወደደ ጊዜ ለሚካኤል በሳምንት አንድ ዳቦ ብቻ ይሰጠው ነበር፤ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅም ሳለ ያችን አንዲት ዳቦ ለሰባት ቀን ያብቃቃት ነበር።

ወላጆቹ ሳንዲማኒያን ከሚባለው አነስተኛ የክርስቲያኖች ጉባኤ ጋራ ይጸልዩ ነበር። የዚህ ጉባኤ ሰዎች በሀብት ያልበለጸጉ፥ በየሰንበቱ ተሰብስበው ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያነቡ፥ አብረው የሚበሉና እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ነበሩ። ልጁም ከሌላ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ያየው ይህን ነው። ከትምህርት ቤት ያገኘው ማንበብ፥ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነበረ፤ ከዚያ በላይ ለመማር ገንዘብ አልነበረም።

ጋዜጣ የሚያዞር ልጅ

በ1804 ዓ.ም. ዕድሜው 13 ዓመት ሊሆነው ሲቃረብ፥ በብላንድፎርድ መንገድ መጽሐፍ ለሚሸጥና ለሚጠርዝ ጆርጅ ሪቦ ለሚባል ሰው ተላላኪ ሆኖ ገባ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር በጋዜጣ ላይ ቀረጥ ስለ ነበረ ዋጋው ውድ ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ጋዜጣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ለብዙ ሰዎች ይነበብ ነበር። የልጁም ሥራ ጋዜጣውን በማለዳ ለአንደኛው ደንበኛ ማድረስ፥ አንብቦ በጨረሰም ጊዜ ተቀብሎ ወደ ሁለተኛው መውሰድ ነበረ።

በሰንበት ቀን ይህ ሥራ ይከብደው ነበር። ከወላጆቹ ጋራ ወደ ጸሎት ለመሄድ ታጥቦና ልብሱን ለውጦ መገኘት ስለሚገባው፥ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ጋዜጣውን ያደርስ ነበር፤ ቈይቶም ሲመለስ አንባቢው ገና አልጨረስኩም፥ ከአንድ ሰዓት በኋላ ና ቢለው፥ የሚቀጥለው ቤት ሩቅ መሆኑን፥ ከዘገየም ከጸሎት እንደሚቀር እያስረዳ ይለምነው ነበር። ሰዎቹም አንዳንድ ጊዜ ይሰሙት ነበር። ፋራዴይ ከብዙ ዘመን በኋላ ታላቅ ሊቅ ሆኖ ሳለ በመንገድ ጋዜጣ የተሸከመ ልጅ ባየ ጊዜ ልቡ ይራራ ነበር፤ እርሱ ራሱ በዚያ ሥራ እንደ ነበረ አልረሳምና።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ጥቂት ቁም። ይህ ልጅ የተሸከመው ወረቀት የእርሱ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ ወረቀት ለብዙ ቤት ሲበቃ በዓይኑ አየ። አንባቢው ሲያዘገየው የሚቀጥለው ጎረቤት እንደሚጐዳም ተማረ። የተዋሱትን በጊዜው መመለስ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ተራውን ለሚጠብቀው ለሌላው ደግሞ የሚደረግ ቸርነት ነው።

በመጽሐፍ ጠራዡ ሱቅ

አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ጌታው ሪቦ የልጁን ታማኝነት አይቶ በ1805 ዓ.ም. ለሰባት ዓመት የእጅ ሥራ ተማሪ አድርጎ ተቀበለው። ሥራ ለመማር የሚገባ ልጅ ለጌታው ገንዘብ መክፈል የዘመኑ ልማድ ነበረ፤ ሪቦ ግን ስለ ታማኝ አገልግሎቱ ብሎ ምንም አላስከፈለውም።

መጽሐፍ ጠራዥ ብዙ መጻሕፍት በእጁ ያልፋሉ፤ ነገር ግን ማር የሚያሽግ ሰው ሁሉ ማሩን እንደማይቀምስ፥ መጽሐፍ የሚጠርዝ ሰው ሁሉ የጠረዘውን አያነብም። ሌላ ጌታ ቢሆን ምናልባት ተማሪው ሲያነብ ባገኘው ጊዜ ሥራ ፈታህ ብሎ በቈጣው ነበር። ሪቦ ግን ልጁ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ማታ ማታ የሚጠረዙትን መጻሕፍት እንዲያነብ ፈቀደለት። ፋራዴይም ከኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ክፍል ያነበበው በዚህ ሱቅ ነው። ዳግመኛም ጄን ማርሴት የምትባል ሴት ስለ ኬሚስትሪ በጥያቄና በመልስ የጻፈችውን መጽሐፍ አነበበ። ደራሲዋ መጽሐፉን ያዘጋጀችው ትምህርቱን ገና ለሚጀምሩ ሰዎች፥ ይልቁንም ለሴቶች ነበረ፤ አንድ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ በሱቅ ጓዳ ተቀምጦ እንደሚያነብላት አላወቀችም።

ፋራዴይ ያነበበውን በእጁ መሞከር ይወድ ነበር። በጥቂት ሳንቲም አሮጌ ጠርሙሶች ገዝቶ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የምታወጣ ትንሽ መኪና ሠራ። ሪቦም በሱቁ ውስጥ እንዲሞክር ስፍራ ሰጠው። በሪቦ ቤት ማስከሪዬ የሚባል ሠዓሊ በኪራይ ይኖር ነበር። ፋራዴይ የዚህን ሠዓሊ ክፍል ይጠርግለት፥ ጫማውንም ያሳምርለት ነበር፤ ሠዓሊውም ስለዚህ አገልግሎት ዕቃዎች በርቀት ሲታዩ እንዴት እንደሚሣሉ አስተማረው፥ ስለዚሁም ትምህርት የተጻፈ መጽሐፍ አዋሰው። አንዱ ጫማ በማሳመር፥ ሁለተኛው መጽሐፍ በማዋስ፥ ሁለቱም ለጎረቤታቸው ያላቸውን ሰጡ፤ የሁለቱም ስጦታ በእግዚአብሔር ፊት አልተናቀም።

ስለ አንድ ሺልንግና ስለ አራት የመግቢያ ወረቀት

በ1810 ዓ.ም. ጆን ቴተም የሚባል መምህር በቤቱ ስለ ፍጥረት ምርመራ ማታ ማታ ያስተምር ነበር። አንድ ማታ ለመስማት አንድ ሺልንግ ይከፈላል። ለእጅ ሥራ ተማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ አባቱም በዚያው ዓመት ሞቶ ነበር። ነገር ግን እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ከደመወዙ እየቀነሰ ሺልንጉን ይሰጠው ጀመር። ሮበርት የኤሌክትሪክን ነገር አልተማረም፤ ወንድሙ መማር እንደሚወድ ግን ያውቅ ነበር፥ ይህም በቃው።

በቴተም ቤት ፋራዴይ እንደ እርሱ መማር የሚወዱ ጐልማሶችን አገኘ። እነርሱም ማታ እየተሰበሰቡ አብረው ያነቡ፥ አንዱ የሌላውን አነጋገርና አጻጻፍ ያቃኑ ነበር። ፋራዴይ ብዙ ስላልተማረ በሰዋስው ይሳሳት ነበር። ከባልንጀሮቹ አንዱ ኤድዋርድ ማግራት በሳምንት ሁለት ሰዓት ሰጥቶ ንግግሩንና ጽሕፈቱን እያረመ ሰባት ዓመት አስተማረው። ሰባት ዓመት ስንል እንዲያው በአንድ ቃል የምናልፈው ይመስለናል፤ ነገር ግን አስበው፤ ያለ ደመወዝ፥ ያለ ምስጋና፥ በየሳምንቱ ደክሞት ሳለ መጥቶ የባልንጀራውን ስሕተት በፍቅር ማረም ከአንድ ቀን ታላቅ ስጦታ ይልቅ ይከብዳል።

ፋራዴይ ከቴተም የሰማውን ሁሉ በጥንቃቄ ጽፎ፥ ሥዕሎቹንም ሠዓሊው እንዳስተማረው ሥሎ፥ በሙያው በአራት ጥራዝ ጠረዘው፤ መታሰቢያነቱንም ለጌታው ለሪቦ አደረገ። ሪቦም ደስ ብሎት ጥራዞቹን ለሱቁ ደንበኞች ያሳይ ነበር። ከእነዚህም ደንበኞች አንዱ ዳንስ የሚባለው ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚባለው የትምህርት ማኅበር አባል ነበረ። እርሱም የልጁን ትጋት አይቶ፥ በዚያ ማኅበር አዳራሽ ዝናው ታላቅ የሆነው ሊቅ ሀምፍሪ ዴቪ የሚያስተምረውን ለመስማት አራት የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ይህም በ1812 ዓ.ም. ነበረ፤ ፋራዴይም የሃያ ዓመት ጐልማሳ ነበረ።

እንግዲህ ተመልከት። ዳንስ ለፋራዴይ ገንዘብ አልሰጠውም፥ ሹመትም አላሰጠውም። የሰጠው አራት ቍራጭ ወረቀት ነው። ነገር ግን ጐልማሳው ከአዳራሹ በላይኛው ክፍል ተቀምጦ ሰማ፥ ጻፈ፥ ወደ ቤቱም ተመልሶ የጻፈውን አስፋፍቶ ገለበጠ፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ የቀረውን ዕድሜውን ለምርመራ ለመስጠት ወሰነ።

መልስ ያጣ ደብዳቤና መልስ ያገኘ ደብዳቤ

ፋራዴይ በምርመራ ሥራ ማናቸውንም ትንሽ ስፍራ እንዲሰጡት ለሮያል ሶሳይቲ ሊቀ መንበር ለሰር ጆሴፍ ባንክስ ደብዳቤ ጻፈ። መልስ ለመስማት ወደ በሩ ሄደ፤ ደብዳቤው መልስ አያስፈልገውም የሚል ቃል ብቻ ተነገረው። ባንክስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለትምህርትም ብዙ የደከመ ነው። ነገር ግን ለትልቅ ሰው ቀላል የሆነው ዝምታ ለትንሽ ሰው ከባድ ኀዘን ይሆናል። የሥልጣን ወንበር ያለህ አንባቢ ሆይ፥ የምትሰጠው ነገር ባይኖርህ እንኳ በጎ መልስ አትከልክል።

በ1812 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የመማሪያ ዘመኑ ተፈጸመ፤ ፋራዴይም ለሌላ ጠራዥ ተቀጠረ። ይህ ሁለተኛው ጌታ ቍጡ ስለ ነበረ ጐልማሳው ተጨነቀ። በታኅሣሥ ወር ከዴቪ ትምህርት የጻፈውን በመልካም ጠርዞ ከደብዳቤ ጋራ ለዴቪ ላከለት። ዴቪም በገና ዋዜማ በትሕትና መለሰለት፥ በጥር ወርም አስጠርቶ አነጋገረው። በመጀመሪያ ግን መጽሐፍ መጠረዙን እንዳይተው መከረው፤ ባዶ ስፍራም አልነበረም። ጥቂት ቈይቶ የማኅበሩ ረዳት ከሌላው ሠራተኛ ጋራ ተጣልቶ ከሥራ ወጣ። አንድ ማታ ፋራዴይ በእናቱ ቤት ሊተኛ ልብሱን ሲያወልቅ የዴቪ ሠረገላ በደጁ ቆመ፥ አሽከሩም ወርዶ በማግሥቱ እንዲመጣ የሚጠራ ደብዳቤ አቀበለ። በመጋቢት 1 ቀን 1813 ዓ.ም. በሳምንት 25 ሺልንግ ደመወዝና በማኅበሩ ቤት ላይኛ ክፍል ሁለት ጓዳ ተሰጥቶት ረዳት ሆነ።

ዴቪ ለድሃ ጠራዥ ልጅ ለምን ራራ? እርሱ ደግሞ በልጅነቱ ድሃ የእንጨት ቀራጭ ልጅ ነበረ፤ ወደ መድኃኒት ቀማሚ ሥራም ገብቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ዴቪስ ጊዲ የሚባል የአገሩ ባለጠጋ የልጁን ብልህነት ሰምቶ፥ በቤቱ ካሉት ብዙ መጻሕፍት የወደደውን እንዲያነብ ፈቀደለት። ስለዚህ ፋራዴይን ያነሣው ዴቪ፥ እርሱም ራሱ በተዋሰው መጽሐፍ የተነሣ ሰው ነበረ። መጽሐፍ ያዋሰ ሰው የዘራውን ሁሉ አያይም፤ ዘሩ ከአጥሩ አልፎ በሌላ ሰው እርሻ ይበቅላል።

ፋራዴይ የዴቪን ደብዳቤ እንደ ውድ ዕቃ ጠበቀው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ዴቪ ሲሞት የሕይወቱን ታሪክ የሚጽፍ አንድ ሰው ስለዚህ ነገር በጠየቀው ጊዜ፥ ዋናውን ደብዳቤ ራሱን አዋሰው፤ ግን በጥንቃቄ እንዲይዝለትና እንዲመልስለት አጥብቆ ለመነው። በዚህም የሚያዋስን ሰው መልካም አብነት እናያለን፤ የሚወደውን ለሌላው ጥቅም ይሰጣል፥ እንዲመለስለትም በግልጽ ያሳስባል፤ ይህን ማለት ንፉግነት አይደለም።

የተቀበለውን እንዴት እንደ መለሰ

ፋራዴይ ከዚህ በኋላ ያደረገውን ሥራ ሁሉ ብንጽፍ ይህ ትንሽ መጽሐፍ አይበቃም። በ1821 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኀይል የሚያሽከረክረው ሽቦ በመሥራት የኤሌክትሪክ ሞተር መነሻ የሆነውን ነገር አሳየ። በ1825 ዓ.ም. ቤንዚን የተባለውን ፈሳሽ ለይቶ አገኘ። በ1831 ዓ.ም. ማግኔት በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ በሽቦው የኤሌክትሪክ ኀይል እንደሚፈስስ አረጋገጠ። ዛሬ በውኃ ኀይልም ሆነ በሌላ የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚህ ሥርዐት ነው፤ ማታ በቤታችን መብራት ስናበራ የዚያን የጠራዥ ተማሪ ሥራ እንጠቀማለን።

ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ስለ ጠባዩ ስለ ሆነ ወደዚያ እንመለስ። ፋራዴይ የተደረገለትን አልረሳም። ጄን ማርሴት ለጀማሪዎች በጻፈችው መጽሐፍ ኬሚስትሪን ስላስጀመረችው፥ ታዋቂ ከሆነ በኋላ የምርመራውን ጽሑፎች እየላከ እንደ መምህርቱ ያከብራት ነበር። ታናሽ እኅቱን ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ ከደመወዙ ይከፍል ነበር፤ ለዚህም ሲል በየሁለት ቀኑ አንድ ምሳ ይተው እንደ ነበረ ይተረካል። እናቱን እስከምትሞትበት እስከ 1838 ዓ.ም. ድረስ ይረዳት ነበር።

እርሱ በድሃ ልጅነቱ በሰጡት መግቢያ ወረቀት ወደ አዳራሹ እንደ ገባ፥ በዚያው አዳራሽ በገና ሰሞን ለልጆች ማስተማር ወደደ። ከ1827 ዓ.ም. እስከ 1860 ዓ.ም. ባለው ዘመን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ይህን የገና ትምህርት ሰጠ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ስለ አንዲት ሻማ ያስተማረው ነው። ልጆቹ በየቤታቸው የሚያውቋትን ሻማ ይዞ፥ ሰሙ እንዴት እንደሚቀልጥ፥ ነበልባሉ ከአየር ምን እንደሚወስድ፥ ሰውም ሲተነፍስ ከሻማዋ ጋራ በምን እንደሚመሳሰል ገለጠላቸው። ይህም ትምህርት በ1861 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታትሞ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ። መጽሐፍ ተውሶ የተማረው ልጅ ለዓለም ልጆች ሁሉ መጽሐፍ ሰጠ።

በ1821 ዓ.ም. በጉባኤው ውስጥ ያደገችውን ሣራ ባርናርድን አገባ። ልጅ አልወለዱም፤ የወንድምና የእኅት ልጆችን ግን በቤታቸው ያሳድጉ ነበር። በዚያው ዓመት ፋራዴይ ሃይማኖቱን በጉባኤው ፊት መሰከረ፤ በ1840 ዓ.ም. ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ። በሰንበት ያስተምር፥ በሌላው ቀን የታመሙትን ይጠይቅ፥ ድሆችን በስውር ይረዳ ነበር። ለፋብሪካዎች በሚሰጠው ምክር እጅግ ብዙ ገንዘብ ሊያገኝ ሲችል ለምርመራው ብሎ ተወው። የሮያል ሶሳይቲን ሊቀ መንበርነት ሊሰጡት ሲለምኑት አልተቀበለም፤ እስከ መጨረሻው ያለ ማዕረግ ሚካኤል ፋራዴይ ብቻ ተብሎ መኖርን ወደደ።

ይህን ስንል ኀጢአትና ፈተና የሌለበት ሰው ነበረ አንልም። ባሕርዩ ፈጥኖ የሚቈጣ ነበረ፤ ወዳጆቹ እንደ መሰከሩት ግን ቍጣውን በመግዛት ለሥራ ትጋት ለወጠው። በ1844 ዓ.ም. ከጉባኤው ጋራ ባለመስማማቱ ለጥቂት ሳምንታት ከኅብረታቸው ተለየ፤ ሽማግሌነቱንም አጣ። የዓለም ሊቃውንት የሚያከብሩት ሰው ሳለ ተቈጥቶ አልሄደም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከተራ ምእመናን ጋራ ተመልሶ ተቀመጠ፥ ከአሥራ ስድስት ዓመትም በኋላ እንደ ገና ሽማግሌ አደረጉት።

ከዚህ ይልቅ የሚከብድ ፈተና ከራሱ በጎ አድራጊ መጣበት። ከ1813 ዓ.ም. ጀምሮ ከዴቪ ጋራ ወደ አውሮጳ አገሮች ሲጓዝ የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ታዋርደው ነበር። በ1824 ዓ.ም. ደግሞ ወዳጆቹ በሮያል ሶሳይቲ አባል እንዲሆን ሲያጩት፥ በዚያን ጊዜ ሊቀ መንበር የነበረው ዴቪ ራሱ ተቃወመው። ፋራዴይ ግን ተመረጠ። ከዚያም በኋላ ዴቪን በክፉ ሲያነሣው አልተሰማም፤ በሰዎች ፊት በአክብሮት ያነሣው ነበር። ቸርነት ያደረገልን ሰው ሲያስቀይመን፥ የመጨረሻው ክፋቱ የፊተኛውን በጎነቱን እንዲያጠፋው መፍቀድ ለልባችን ቀላል ነው። ፋራዴይ ግን ያን የገና ዋዜማ ደብዳቤ አልቀደደም።

በ1858 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ በሀምፕተን ኮርት የሚኖርበት ቤት ሰጠችው። በዚያም ኀይሉና ትዝታው እየደከመ ከሚስቱ ጋራ በጸጥታ ኖሮ፥ በነሐሴ 25 ቀን 1867 ዓ.ም. በወንበሩ እንደ ተቀመጠ ዐረፈ። እርሱ እንደ ወደደው ያለ ብዙ ሥርዐት በሃይጌት መቃብር ተቀበረ።

ለአንባቢ የሚሆን ምክር

አሁን እንግዲህ ከመጀመሪያ ጀምረን እንቍጠር። ሪቦ የሱቁን መጻሕፍት አልከለከለም። ሠዓሊው መጽሐፍ አዋሰ። ሮበርት አንድ ሺልንግ ሰጠ። ማግራት በሳምንት ሁለት ሰዓት ሰጠ። ዳንስ አራት ወረቀት ሰጠ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እንኳ ዓለምን የሚጠቅም ትልቅ ሥራ እሠራለሁ ብሎ አላሰበም። ለጎረቤታቸው ልጅ ለዕለቱ የተቻላቸውን አደረጉ፤ ጌታችንም ለታናሹ ሰው የተሰጠ አንድ ጽዋ ውኃ እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋ አስተምሮናል።

አንተም ምናልባት በልብህ ታጕረመርማለህ፤ አንድ ጊዜ መጽሐፍ አውሼ ሳይመለስልኝ ቀረ፥ ሌላውም ቅባት ነክቶት ቅጠሉ ተቀዶ ተመለሰልኝ ትል ይሆናል። ይህ እውነተኛ ኀዘን ነው፤ እኛም እናውቀዋለን። ነገር ግን ስለ አንድ የማይታመን ሰው ብለህ በሩን ለአሥር ታማኞች አትዝጋ። ይልቅስ ይህን አድርግ። ስምህን በመጽሐፉ መጀመሪያ ቅጠል ጻፍ። ለማን እንዳዋስህና በየትኛው ቀን እንደ ሆነ በአንዲት ደብተር መዝግብ። መቼ እንደሚመለስ በፍቅር ተነጋገር፤ ኀፍረት አይያዝህ። ሰውየው መጽሐፉን ሲመልስልህም ምን እንዳገኘበት ጠይቀው፤ አንድ መጽሐፍ ሁለት ሰው ሲያነበው ደስታው እጥፍ ይሆናልና፥ ያላየኸውንም ነገር ያሳይሃል።

የምትዋስ ሰው ደግሞ መጽሐፉን እንደ እንግዳ ተቀበለው። በንጹሕ ወረቀት ሸፍነው፤ እጅህን ታጥበህ ግለጠው፤ ቅጠሉን ለምልክት አትጠፍ፤ ባለቤቱን ሳታስፈቅድ ለሦስተኛ ሰው አታሳልፍ። ቢበላሽብህ ሳትደብቅ ተናገርና ካሥ። በቀጠሮህም ቀን፥ እንደዚያ ጋዜጣ እንደሚያዞር ልጅ፥ ከአንተ በኋላ ተራውን የሚጠብቅ ሰው እንዳለ አስበህ መልስ።

በመንደርህ ምናልባት ማንበብ የሚወድ መጽሐፍ ግን የሌለው አንድ ልጅ አለ። ሱቅ ይጠብቅ ይሆናል፤ ጫማ ያሳምር ይሆናል፤ በሌላው ሰው ደጅ ይላላክ ይሆናል። ሊቅ ይሆናል ብለን ተስፋ አንሰጥህም፤ ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሊቅ ባይሆን እንኳ ጎረቤትህ ነው። ዛሬ ማታ ሣጥንህን ክፈት፤ አንብበህ የጨረስኸውን አንድ መጽሐፍ አውጣ፤ አቧራውን አራግፈህ ነገ በማለዳ ስጠው። ይህን ለማድረግ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ልባችንን ያስፋልን፤ አሜን።